የመኪና ጥያቄዎቻችሁ፦ ሴንሰሩ ተቀይሮም የሚመለሰው መብራት

ጥያቄ፦ የ2004 ኮሮላ አለኝ፣ ሞተሩ 1.8 ነው። ቼክ ኢንጅን በርቶ ሲነበብ ፒ0171 አለ። ኦክስጅን ሴንሰር ነው ተብዬ አስቀየርኩ፤ በአራተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ጠዋት ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ያለው ዙር) ይዋዥቃል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል። ሴንሰሩ ኦርጂናል ስላልሆነ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሴንሰሩን ይተዉት። ፒ0171 ማለት የሚገባው አየር ለቤንዚኑ በዝቷል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ጨምሮ ጨምሮ ገደቡ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ይህን ያሳበቀው በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። እርስዎ የቀየሩት ምስክሩን ነው።

ስካን ማሽኑን በድጋሚ ሰክተው ኮዱን ሳይሆን ቀጥታ ዳታውን ይክፈቱ። ፊዩል ትሪም የሚባሉ፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ የአጭርና የረጅም ጊዜ፤ ይደምሯቸው። ድምሩ በ0 ዙሪያ፣ ቢበዛ 10 በመቶ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢሆን ችግር የለም። በሚኒሞ +25 ሆኖ 2500 ዙር ላይ ሲይዙት ወደ +5 ከወረደ፣ ከኤር ፍሎው (የሚገባውን አየር ከሚለካው ሴንሰር) ወዲያ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ስንጥቅ ድርሻዋ ትልቅ ነው፤ ዙር ሲጨምር ትዋጣለች። ዙር ሲጨምር የሚብስ ከሆነ ግን ኤር ፍሎው ቆሽሿል፣ አለዚያም የቤንዚን ፓምፑ ወይም ፊልትሮው ደክሟል።

ጠዋት ብሶ ሲሞቅ መሻሉ ግን የኢንቴክ ማኒፎልዱን (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚደፍነውን ጎማ ያስጠረጥራል። ይህ ጎማ ሲያረጅ ይደርቅና ይኮማተራል፤ በብርድ ክፍተት ይፈጥራል፣ ሲግል ይለጠጥና ይደፍነዋል። ስለዚህ ፍተሻው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ያደረ ሞተር አስነሥተው ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በሚጋጠምበት መስመር ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ጠብ ጠብ ያድርጉ። ጭስ መውጫው ከጋለ አይሞክሩት፣ ይቀጣጠላል። ዙሩ በድንገት ከተለወጠ ቦታው እዚያ ነው። የፍሬን ሰርቮውን (ፍሬኑን የሚያቀለውን) ቱቦም እግረ መንገድዎን ይፈትሹ፤ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል።

ኤር ፍሎውን ካጸዱ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይሁን። ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ጨርቅም ጥጥም አያስነኩት። ደርቆ ይግጠሙት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ መካኒክዎ ቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል መለኪያ) ካለው በመጽሐፉ ላይ ያለው ከ18 እስከ 22 ኢንች የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ጤነኛው ሞተር ከ11 እስከ 14 ገደማ ያሳያል። በዚህ ምክንያት ደህና ሞተር እንዳይፈታብዎ።

ጥያቄ፦ ቪትዜ ጠዋት በብዙ ልመና ነው የሚነሣው። ኮዱ ፒ0118 ነው። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ይቀየር? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሳይገዙ 5 ደቂቃ ይስጡት። ፒ0118 መስመሩ ተቋርጧል የሚል ነው፤ የተቋረጠው ሴንሰሩ ውስጥ ይሁን ሽቦው ላይ ግን አይናገርም። መስመሩ ሲቋረጥ ዳታው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያነባል። ኮምፒውተሩ ይህን ስለማያምን ሞተሩን 80 ዲግሪ እንደደረሰ ይቆጥረዋል፤ ብርድ ላለበት ሞተር የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ቤንዚን አይሰጥም። የጠዋቱ ልመና ከዚህ ነው።

ሶኬቱን ነቅለው የሽቦው ወገን ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፣ ቁልፉን ይክፈቱ። ንባቡ ወደ 140 ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፣ ሴንሰሩን ይግዙ። ካልተነቃነቀ የተቆረጠ ወይም የዛገ ሽቦ ይፈልጉ። ሴንሰሩን በቴስተር ሲለኩት 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ 0.3 አካባቢ መሆን አለበት። ሶማሌ ተራ ሲገዙም ቴስተሩን ይዘው ይሂዱ፤ ያገለገለ ከሆነ በተለይ።

ጥያቄ፦ መካኒኬ የቼክ ኢንጅን መብራቱን ባትሪ እየነቀለ ያጠፋልኛል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከነበረ ጉዳቱ ትልቅ ነው፤ አንድ ሲሊንደር ቤንዚኑን ሳያነድ ወደ ካታሊስት (ጭስ መውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) እየላከ ነው፣ ካታሊስቱም ከውስጥ ይቀልጣል። ዝም ብሎ የሚበራ ከሆነ መኪናውን አይጎዳም፣ ማስረጃ ያጠፋል እንጂ። ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቃት፣ ዙሩና ፍጥነቱ ስንት ነበር የሚለው አብሮ ይቀመጣል። ባትሪ ከመነቀሉ በፊት ይህን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።