መልስ፦ ፕላዝሞዲየም የወባ ተሕዋስ ነው ወይስ የስላይም ሞልድ?

አንዱ መጽሐፍ የወባ ተሕዋስ፣ ሌላው የበሰበሰ እንጨት ላይ የሚገኝ ዝልግልግ ነገር (ስላይም ሞልድ) ይለዋል፣ የቱ ነው ልክ ብለህ ለጠየቅከው፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ፍጥረቶቹ ግን አይዛመዱም።

በወባ በኩል የጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ምድብ) ስም ነው፤ እኛ አገር በብዛት የሚያሳምሙን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ዝርያዎቹ ናቸው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ለእኔ የሚገርመው ሌላው ነው። በስላይም ሞልድ ፕላዝሞዲየም የዕድገት ደረጃ እንጂ የፍጥረቱ መጠሪያ አይደለም። ፊዛረም የተባለውን ቢጫ ስላይም ሞልድ ውሰድ፦ ኒውክለሱ (ዘረመሉን የያዘው የሴሉ ክፍል) ደጋግሞ ይከፈላል፣ ሴሉ ግን አይከፈልም። ስለዚህ መዳፍ የሚያህል ነገር ስታይ፣ እልፍ ኒውክለስ የያዘ አንድ ሴል ነው የምታየው! በማይክሮስኮፕ ከተመለከትከው በቅርንጫፎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ፊት ይፈስሳል፣ ቆም ይላል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። (ሻጋታ ቢሉትም ፈንገስ አይደለም።)

ስሙ ቀድሞ የስላይም ሞልዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ማርኪያፋቫና ቼሊ የተባሉ ጣሊያናውያን፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ እንደ አሜባ ሲንቀሳቀስ ላዩት የወባ ተሕዋስ ሰጡት።

ለፈተና ከሆነ፣ በላቲን ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ከሆነ ጂነሱ ነው፤ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ካልሆነ በቀር።