«ቁልፍ» የሚከፍተው ነው የሚዘጋው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ስትመጣ ቁልፍ ገዝተህ ና» አለችኝ። የግቢያችን ጓጉንቸር ዝጎ ስለነበር አዲስ ገዝቼ ገባሁ። ለካ እሷ የፈለገችው ለልጃችን ዩኒፎርም የሚሰፋ ቁልፍ ኖሯል። ስቀን አለፍነው፤ ግን ነገሩ ከንክኖኛል። በሩን የምንቆልፍበትም ቁልፍ፣ የምንከፍትበትም ቁልፍ፣ የሸሚዙም ቁልፍ። ትክክለኛው የትኛው ነው? ደግሞስ «ቁልፍ ሚና» የሚባለው አማርኛ ነው?

መልስ፦ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ማን ይቀድማል ከተባለ ግን የእርስዎ ጓጉንቸርና የባለቤትዎ የሸሚዝ ቁልፍ ይቀድማሉ። ኪስ ውስጥ የምትንቃጨለዋ ብረት ስሙን የወሰደችው ከእነሱ ነው።

ግሱን ይመልከቱት። ቆለፈ ማለት ገጥሞ ዘጋ፣ እንዳይላቀቅ አደረገ ነው። በር ይቆለፋል፤ ሸሚዝም ይቆለፋል። «ብርድ ነው፣ ኮትህን ቆልፍ» ሲባል ማንም ግራ አይገባውም። እግሩን አቆላልፎ ተቀመጠ፣ ጣቶቿን አቆላለፈች፣ ነገሩ ተቆላለፈብኝ እንላለን። በሁሉም ውስጥ መያያዝና መዘጋት እንጂ መክፈት የሚባል ነገር የለም። ግእዙም ያው ነው። «ቍልፈት» ሸለፈት ነው፤ ያልተገረዘውን «ቈላፍ» ይለዋል፤ አማርኛም «ቆላፋ» ይላል። (ይቺን እንኳን ሰው ፊት ባያነሷት ይሻላል፤ እንደ ስድብ ነው የምትሰማው።)

የቃሉ ቅርጽም ይመሰክራል። ቆረጠ ብሎ ቁርጥ፣ ቆለለ ብሎ ቁልል፣ ቆለፈ ብሎ ቁልፍ። እንዲህ ያለው ስም የሚናገረው ስለ ድርጊቱ ውጤት ነው። የመሣሪያ ስም አብዛኛውን ጊዜ በ«መ» ይነሳል፦ መጥረጊያ፣ መቁረጫ፣ መሰርሰሪያ። ስለዚህ «ቁልፍ» በቅርጹ የመሣሪያ ስም እንኳ አይደለም። መሣሪያው መቆለፊያ ነው።

ታዲያ የሚከፍተው ብረት ስም አልነበረውም? ነበረው እንጂ፤ መክፈቻ። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 16፥19 ላይ ይግለጡት። ክርስቶስ ለጴጥሮስ የሚሰጠው የመንግሥተ ሰማያትን «መክፈቻዎች» ነው። ግእዙ በዚያው ቦታ «መራኁት» ይላል፤ ነጠላው «መርኆ» ነው፤ «አርኀወ» ማለት ከፈተ ነውና። ዓረቦች «ሚፍታሕ» የሚሉት፣ ዕብራይስጡም «ማፍቴአሕ» የሚለው ከየራሳቸው «ከፈተ» አውጥተው ነው። ዓረብኛ ለሚዘጋው ደግሞ ሌላ ቃል አለው፤ «ቁፍል»። ፊደሎቹን ልብ ይበሉ፤ ለ እና ፈ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ የእኛው ናቸው።

ዛሬም ጠንቀቅ ብሎ የሚናገር ሰው «የቁልፉ መክፈቻ የት ሄደ?» ይላል። ቁልፉ በሩ ላይ ያለው ነው፤ መክፈቻው የጠፋው ነው። በጣም ግልጽ አማርኛ ነው፣ ቢለመድ ደስ ይለኛል። ግን «የመኪናዬ መክፈቻ» ይበሉ አልልዎትም፤ ሰው ይስቅብዎታል። መክፈቻም ሥራ በዝቶበታል፤ የጠርሙስ መክፈቻ አለ፣ የመክፈቻ ንግግር አለ። እናም ቁልፍ የሚለው ስም ከሚዘጋው ወደሚከፍተው ተሻገረ። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ስለሚውሉ መሻገሩ አያስገርምም።

በዕለት ተዕለት ንግግር እንዳንሳሳት የሚጠብቀን አብሮ የሚመጣው ግስ ነው። ቁልፍ ተበጠሰ ከተባለ የሸሚዝ ነው፤ ቁልፍ ይቀረጻል የሚል ሰሌዳ ካዩ የሚከፍተው ነው፤ ቁልፉን ተጫን ከተባለ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ነዎት። ሌቦች ቁልፍ ሰብረው ገቡ ሲባል የተሰበረው የሚዘጋው ነው፤ ቁልፉ ውስጥ ተሰበረብኝ ሲባል ደግሞ የሚከፍተው። «ገዛ» የሚለው ግስ ግን ለሁሉም ይሆናል፤ እርስዎንም ጉድ የሠራዎት እሱ ነው። ጥንድ ስሞችም ይረዳሉ። ለምሳሌ መርፌ ቁልፍ ጨርቅ ከጨርቅ የሚያያዘው ነው፤ ይህም መዝጋትና መያያዝ እንጂ መክፈት የለበትም።

ጋራዥ ከገቡ ሌላ ትርጉም ይጠብቅዎታል። «የ17 ቁልፍ አቀብለኝ» የሚል መካኒክ ብሎን የሚፈታበትን ነው የሚለው፤ «መፍቻ» የሚለውም አለ። ይሄ የጣልያን እጅ ያለበት ይመስለኛል። በጣልያንኛ «ኪያቬ» የበሩም ቁልፍ ነው፣ የብሎኑም መፍቻ። ካቻቢቴና ፒንሳም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው።

ወደ «ቁልፍ ሚና» ስንመጣ፣ ይህ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ አነጋገር ነው። ሰምሮለት ገብቷል፤ አውጡት ብል የሚሰማኝ የለም። ስብሰባ ላይ «ቁልፍ ቁልፍ ነጥቦችን» ሲደረድሩ ግን ይሰለቸኛል። ዋና ዋና ቢሉት ምን ጎደለው? ከዚህ የባሰው «የችግሩ ቁልፍ» የሚለው ነው። ጸሐፊው መፍትሔውን ማለቱ ነው? ወይስ ችግሩን ቆልፎ የያዘውን እንቅፋት? አማርኛው ሁለተኛውን ይደግፋል፤ ጸሐፊው ግን ብዙ ጊዜ የፈለገው አንደኛውን ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ «መፍትሔው» ወይም «እንቅፋቱ» ብለው በስሙ ይጥሩት።