ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ያርቁት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው። አንዱ ስለ ሻጋታ፣ አንዱ ስለ ብል፣ አንዱ ስለ ልስን፣ አንዱ ስለ ነቀዝ፣ የመጨረሻው ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠይቃል። ከመጨረሻው በስተቀር በሁሉም ውስጥ ግን የእርጥበት ነገር አለበት።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ተከራይተን አራት ሆነን እንኖራለን። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጠቁሮ ሻገተ። የልጆቹ ጫማና የእኔ የሐበሻ ቀሚስ ሳይቀር ሽበት የመሰለ ነገር አወጡ። አምና ቀለም አስቀባን፤ ዘንድሮ ጥቅምት ሳይወጣ ተመለሰ። አከራያችን «ጣሪያው አያፈስም፣ ቤቱን ዘግታችሁ ስለምትውሉ ነው» ይላሉ። እውነት ጥፋቱ የእኛ ነው?

መልስ፦ አከራይዎ ግማሽ ልክ ናቸው። ጥፋተኛ ከመፈለግዎ በፊት ግን ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ ከላይ ጀምሮ ጠርዙ ቡናማ የሆነ እድፍ ይተዋል፤ ዝናብ በጣለ ማግሥት ይሰፋል። ከመሬት የሚሳበው እርጥበት ከወለሉ ተነሥቶ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ሳይደርስ ይቆማል፤ ልስኑ ይፈረፈራል፣ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄትም ይወጣዋል። ከማዕዘን፣ ከመስኮት ዳርና ከዕቃ ጀርባ የሚጀምር ጥቁር ነጠብጣብ ግን የቤቱ የራሱ ላብ ነው። የእርስዎ ይህንኛውን ይመስላል።

እርግጠኛ ለመሆን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ስስ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ያድርጉና አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽገው ሁለት ቀን ይተዉት። ጤዛው በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ላይ ከታየ ላብ ነው። ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ግን ግድግዳው ራሱ ውኃ ይዟል ማለት ነው፤ ያኔ ጉዳዩ የአከራይ ነው።

ላቡን የሚያመርተው ኑሮ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በቆዳው የሊትር ሲሶ ያህል ውኃ ያወጣል። አራት ሰው ካደረ ጠዋት አየሩ ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ አለ። ወጡ፣ ቡናው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው ይጨመርበት። በእጅ የተጨመቀ አንድ ባልዲ ልብስ ቤት ውስጥ ከተሰጣ ደግሞ ሌላ ሁለት ሊትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የውርጭ ከተማ ናት፤ ሌሊት ግድግዳው ይቀዘቅዛል። በእንፋሎት የተሞላው አየር ያንን ሲነካ፣ በድስት ክዳን ላይ እንደሚሆነው፣ ውኃውን እዚያ ይጥላል። ከቁም ሳጥን ጀርባ ደግሞ ሙቀትም ነፋስም አይደርስም።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ከቀለም አይደለም። ፀሐይ ያለበት ቀን ይምረጡና ቁም ሳጥኑን አውጥተው ልብሱን ሁሉ ያስጡ። ግድግዳውን በደረቁ አይቦርሹ፤ ሻጋታው ቦኖ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ጓንት አድርገው፣ መጀመሪያ በሳሙና ውኃ እሹት። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዐሥር እጅ ውኃ በጥብጠው በስፖንጅ ይቀቡትና ሩብ ሰዓት ቆይተው በንጹሕ ውኃ ይጥረጉት። ይህ ሁሉ መስኮትና በር ተከፍቶ ነው የሚሠራው። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ የማጽጃ ፈሳሽ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። ግድግዳው ፍጹም እስኪደርቅ ቢያንስ ለሳምንት ያናፍሱት።

ከዚያ ዕቃውን መልሶ የማስገባቱ ነገር ይመጣል። ቁም ሳጥኑ ከተቻለ ሁለቱን ክፍሎች ወደሚለየው የውስጥ ግድግዳ ይዙር፤ እሱ እንደ ውጪው አይቀዘቅዝም። ካልተቻለ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከሥሩም ጡብ ወይም ጣውላ ገብቶለት ከወለሉ ከፍ ይበል። የቺፕውድ ከሆነ ይህ ግድ ነው፤ ቺፕውድ ከእግሩ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ ተመልሶም አይደርቅም። ቁም ሳጥኑ ላይ እስከ ኮርኒሱ ድረስ የሚደረደረው ሻንጣና ካርቶን ቢወርድ ይሻላል፤ ከኋላ የሚወጣውን አየር የሚዘጋው እሱ ነው። ውስጡንም ከአፍ እስከ ገደፉ አይሙሉት። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ፍራሽ ካለም አንሥተው ሥሩን ይዩት፤ እሱም በርብራብ ጣውላ ላይ መዋል አለበት።

አየር የማስገባቱ ነገር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ብርድ ይገባል» ብሎ ነው። ጠዋት እንደተነሣችሁና ማታ ምግብ ከተሠራ በኋላ ትይዩ የሆኑትን በርና መስኮት 10 ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። በዚህ ጊዜ አየሩ ይለወጣል፤ ግድግዳውና ዕቃው ግን ለመቀዝቀዝ አይደርሱም። የውርጭ አየር የሚሸከመው ውኃ ጥቂት ነው፤ ገብቶ ሲሞቅ ደረቅ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በስንጥቅ ገርበብ ያለ መስኮት ግን ግድግዳውን ከማቀዝቀዝ በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቤቱን ለማሞቅ ከሰል ማንደጃ አስገብቶ መተኛት የለም። የከሰል መርዝ ሽታም መልክም የለውም። ፍሙ አመድ ሲለብስ «በሰለ» ተብሎ የሚገባው ማንደጃ መርዙን መልቀቁን አላቆመም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማችሁ ወዲያው ውጡ።

ቀለሙ በመጨረሻ ይምጣ፤ አሮጌው ተፍቆ፣ ግድግዳው ደርቆ። ሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ዕድሜው የአምናው ነው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፍላችሁ። ከአያቴ የወረስኩትን በርኖስና ሁለት የሱፍ ዝተት ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ስከፍተው በርኖሱን ብል በልቶታል። አንዱ ዝተት ገና ደህና ይመስላል። ናፍታሊን ልጨምርበት ወይስ በበረኪና ልጠበው? ጎረቤቶቼ «ሌሊት ደጅ አሳድሪው፣ ውርጩ ይገድለዋል» ይሉኛል።

መልስ፦ በረኪናውን አሁኑኑ ያርቁ። በረኪና ሱፍን ያሟሟል፤ ብል ከተወው የባሰ ያደርገዋል።

የጎረቤቶችዎ ምክር ደግሞ ለመንዝ ሰው የሚያምር ነገር ነው፤ ግን አይሠራም። የጥቂት ሰዓት ውርጭ፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚሟሟው፣ በወፍራም ሱፍ ውስጥ ያለውን እጭና እንቁላል አይደርስበትም። በብርድ መግደል ከተፈለገ ልብሱ በላስቲክ ታሽጎ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን መቆየት አለበት። በርኖሱ በአንዳንድ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ዝተቱ ግን አይገባም።

ስለዚህ ለዝተቱ ፀሐይና ዱላ ነው። ልብስ የሚበላው ብናኟ ቢራቢሮ ሳትሆን እጯ ናት። እጯ ጨለማ፣ ጸጥታና እድፍ ትወዳለች፤ ላብና ወጥ የነካው ቦታ ላይ ነው የምትጀምረው። ዝተቱን ከቤት ርቀው ዘርግተው በሁለቱም ፊት ይደብድቡት። ስፌቱንና ጠርዙን በጠንካራ ብሩሽ ይቦርሹ፤ እንቁላሉ የሚጣበቀው እዚያ ነው። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ፣ በየሰዓቱ እያገላበጡ ያስጡት። በሳምንቱ ይድገሙት፤ መጀመሪያ ያመለጠው እንቁላል ከተፈለፈለ ሁለተኛው ዙር ያገኘዋል።

መታጠብ ካለበት ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ነው። የፈላ ውኃ፣ ማሸትና መጠምዘዝ ሱፉን ያጨማድዱታል፤ ያጠረ ዝተት አይመለስም። ተጭኖ ውኃው ይውጣ፣ ከዚያ በርብራብ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። በገመድ ከተሰቀለ የራሱ ክብደት ይለጥጠዋል።

ሣጥኑን ባዶ አድርገው ስንጥቁን ሳይቀር ይጥረጉት፤ ፀሐይም ያግኘው። ዝተቱ ፍጹም ሲደርቅ በወፍራም ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ አፉ ይታሰር። እርጥበት እያለው ከታሰረ ከብሉ አምልጦ ሻጋታ ላይ ይወድቃል። ናፍታሊን የሚሠራው በታሸገ ነገር ውስጥ ብቻ ነው፤ ሽታው ለሚተኙበት ክፍል አይሆንም፣ ከሕፃን ልብስና ብርድ ልብስ ጋር በጭራሽ አይቀመጥ። ከሁሉ የሚሻለው በየሁለት ወሩ አውጥቶ ማራገፍ ነው። በየቀኑ የሚለበስ በርኖስ ብል ሲበላው አይታይም።

ጥያቄ፦ አንኮበር አካባቢ ያለ የጭቃ ቤታችንን «ይመር» ብለን ውስጡንም ውጪውንም በሲሚንቶ አስለሰንነው። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። ሠራተኛው ሲሚንቶ ሰረቀን ይሆን?

መልስ፦ ሠራተኛው ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ከኋላ ይቀመጣል። ሲሚንቶ ቢጨመርበት ኖሮ የባሰ ይገተር ነበር።

የላላውን በሙሉ ያራግፉና ወደ ምርጊት ይመለሱ። አፈሩ ዋልካ አይሁን፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ይሻላል። ለሦስት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ የጤፍ ጭድ መነሻ ይሁንዎ፤ የጤፉ ከገብሱ ስለሚደቅ ለመጨረሻው ንብርብር ይመረጣል። በውኃ አርሰው፣ በየቀኑ እየረገጡ ሳምንት ያህል ይቡካ። የተቦካው ጭቃ ይለነቅጣል፣ ይሸታል፤ ምልክቱ ነው። ከመለሰንዎ በፊት አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ቦታ ላይ ይሞክሩት። ሲደርቅ ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይጨምሩ፤ በእጅ ሲነካ ከቦነነ አፈሩ የሚያጣብቀው ነገር ይጎድለዋል። ግድግዳውን ውኃ ረጭተው፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ሳያወፍሩ ይምረጉ።

ከደረቀ በኋላ ኖራ። እንደ ወተት ይቅጠን፤ የወፈረ ኖራ ይላጣል። እርጥብ ባደረጉት ግድግዳ ላይ ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ አንድ ቀን እየቆዩ ይቀቡ። ያልጠፋ፣ ማለትም ገና ውኃ ያልነካው፣ ኖራ ከሆነ ኖራውን ወደ ውኃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ እንጂ ውኃውን ኖራው ላይ አያፍስሱ፤ ፈልቶ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል።

የውጪው ግድግዳ ግን በኖራ ብቻ አይድንም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። አሸንዳ ይሥሩ፤ የገንዘብ ነገር ካልተመቸ ጠብታው ከሚወድቅበት ላይ ቦይ ቆፍረው ጠጠር ይሙሉት፣ እስከ ጉልበት ድረስም የድንጋይ መደብ ያስደግፉ።

ጥያቄ፦ ከእነዋሪ። ስንዴና ባቄላ መኝታ ቤታችን ጥግ አስቀምጠናል። ባቄላው ነቀዘ። የነቀዝ ኪኒን ብናደርግበትስ?

መልስ፦ አያድርጉ። ኪኒኑ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚለቀው ጋዝ ነቀዝ ብቻ ሳይሆን ሰው ይገድላል፤ በጆንያም ሆነ በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ በአጠገቡ ክፍልም ቢሆን፣ ቦታ የለውም።

ደጋ ነቀዝ አይበረታም የሚባለው እውነት አለው፤ ብርድ ያዘገየዋል። እናንተ ግን እህሉን ቤቱ ውስጥ ሞቅ ያለው ቦታ ላይ አኖራችሁት። ባቄላውን አበጥራችሁ በደንብ አስጡት። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሲሶ እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ነቅንቁና ሩብ ሰዓት ቆዩ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና እርጥብ ነው። ከደረቀ በኋላ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ውስጥ ይግባ። የውስጡን ሁለት ላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ አንድ በአንድ እሰሩ። ነቀዙ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ ግን በየሳምንቱ ከተከፈተ ዋጋ የለውም፤ የወር ቀለቡን ለይታችሁ አስቀሩ። ከረጢቱ በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ጫጫ ነኝ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ስሰካ ሶኬቱ ይግላል፣ አንዳንዴም የላስቲክ ሽታ አለው።

መልስ፦ መጠቀምዎን ዛሬ ያቁሙ። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው፣ ያውም ሊጥ እስኪያልቅ ያለ ዕረፍት። ተራ ሶኬትና ማከፋፈያ ይህን አይችልም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከቆጣሪው ቦርድ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለብቻው መስመር ይሳብልዎ፤ የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው። ብሬከሩ ደጋግሞ ከወደቀ በትልቅ አይቀይሩት፤ ሽቦው ከብሬከሩ በፊት ይቃጠላል።