ፈረንሳይ ልጅ ለምታሳድጉ፦ የሂሳቡን ነገር ለትምህርት ቤቱ ብቻ አትተዉት

ፈረንሳይ አገር ሂሳብ ማወቅ ሚኒስትር ያደርጋል። ቀልድ አይደለም። ጋስፓር ሞንዥ በአብዮቱ ጊዜ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ነበር። ላፕላስን ናፖሊዮን በ1799 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገውና በስድስት ሳምንት አነሳው፤ ስሌት ሌላ፣ ቢሮ ሌላ። ፖል ፔንልቬ ደግሞ በ1917 እና በ1925 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የኛ ዘመን ሰው ሴድሪክ ቪላኒ ነው። ያ ደረቱ ላይ የሸረሪት ጌጥ የማይለየው። በ2010 የሂሳብ ትልቁ ሽልማት የሚባለውን የፊልድስ ሜዳሊያ ወሰደ፣ በ2017 ፓርላማ ገባ። በ2018 ሻርል ቶሮሲያን ከተባለ የትምህርት ኢንስፔክተር ጋር ሆኖ ስለ ሂሳብ ትምህርት 21 ሐሳቦች የያዘ ሪፖርት ለመንግሥት አቀረበ። በ2022 ምርጫ ግን ወንበሩን በ19 ድምፅ ልዩነት ተነጠቀ። አስራ ዘጠኝ! ዜግነት ወስዳችሁ በምርጫ ቀን ሶፋ ላይ የምትውሉ ወገኖች፣ ይቺን ያዙልኝ።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። «ፈረንሳዮች በሂሳብ አንደኛ ናቸው፣ ልጃችን እዚህ ተምሮ አይቸገርም» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ጥቂቶቹ፣ እነዚያ ሜዳሊያ የሚወስዱት፣ ከዓለም ቀዳሚ ናቸው። ተራው ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። በ2019 ቲምስ በተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና የአራተኛ ክፍል ልጆቻቸው 485 ነጥብ አምጥተው፣ ከተፈተኑት የአውሮፓ ኅብረት አገሮች መጨረሻ ሆኑ። በ2023ም አልተሻለም፣ 484። የ15 ዓመት ልጆች በሚፈተኑት ፒሳ ደግሞ የ2022 ውጤታቸው ከ2018ቱ በ21 ነጥብ ወርዶ 474 ሆነ።

የሂሳብ መምህር እጥረት አለ፤ በየዓመቱ የቅጥር ፈተና ይወጣል፣ ቦታው ግን አይሞላም። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎችም አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሂሳብ ወይም ሳይንስ አይደለም። እኛን በቀጥታ የሚነካን ግን ሌላ ነው። ፈረንሳይ የቤተሰብ ኑሮና የልጅ ውጤት በጣም ከተያያዙባቸው ያደጉ አገሮች አንዷ ናት። መንገዱን የሚያውቅ ወላጅ ያለው ልጅ ያልፋል። እኛ ደግሞ መንገዱን አናውቀውም፣ ጠርቶ የሚነግረንም የለም።

ዋናው መታጠፊያ ሰጎንድ ላይ ነው፣ ሊሴ (ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) በገባ በመጀመሪያው ዓመት። የ2019ኙ ሪፎርም የድሮውን የሳይንስ፣ የኢኮኖሚና የሥነ ጽሑፍ ክፍፍል አጥፍቶታል። አሁን የ15 ዓመት ልጅ ለቀጣዩ ዓመት ሦስት «ስፔሲያሊቴ» (አተኩሮ የሚማራቸው ትምህርቶች) ይመርጣል። በሁለተኛው ትሪሜስትር ያሰበውን ይናገራል፣ በዓመቱ መጨረሻ ቁርጡን ያሳውቃል። ሂሳብን ከመረጠ ፕሬሚየር (የሊሴ ሁለተኛው ዓመት) ላይ በሳምንት 4 ሰዓት፣ ተርሚናል (የመጨረሻው ዓመት) ላይ 6 ሰዓት ይማራል። ካልመረጠ ፕሬሚየር ላይ 1 ሰዓት ተኩል ብቻ። እሷም ብትሆን ከብዙ ጩኸት በኋላ በ2023 የተመለሰች ናት።

ቤት ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። እናት ሥራ ላይ ናት፣ አባት የማታ ፈረቃ ነው፣ ቅጹ ኢንተርኔት ላይ ነው። ልጁ ጓደኛው የመረጠውን መርጦ በወላጁ ስም «እሺ» ብሎ ይልካል። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ኢንጂነር መሆን አማረኝ» ሲል የሳይንስ ፕሬፓ (ከሊሴ በኋላ ለኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሚያዘጋጀው ክፍል) በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ መግቢያውን የይለፍ ቃል ራሳችሁ ያዙ። ከየካቲት በፊት የክፍል ኃላፊውን መምህር ቀጠሮ ጠይቁና እንዲህ በሉት፦ «ልጄ በዚህ ውጤቱ የሂሳብ ስፔሲያሊቴን ይችለዋል ወይ? ካልቻለ ምን ይጎድለዋል?» ፈረንሳይኛችሁ ቢሰባበርም አትፈሩ፤ ጥያቄው ይገባዋል።

ሴት ልጆችን ለብቻ ላንሳ። ከሪፎርሙ ወዲህ ሂሳብን የሚተዉት በብዛት እነሱ ናቸው። ልጃችሁ «ሂሳብ ለኔ አይሆንም» ካለቻችሁ፣ ማን እንዲህ እንዳላት ጠይቋት። አንዳንዴ መምህር ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ እኛው ነን፤ 14 ከ20 ስታመጣ ወደ መቶ ቀይረን «70 ብቻ?» ብለን ስንቆጣ። እዚህ አገር 14 ጥሩ ማርክ ነው። ፕሬፓ ገብቶ 8 የሚያመጣ ጎበዝ ተማሪ ሞልቷል።

ለትንንሾቹ ስታስጠኑ ደግሞ ረጋ በሉ። እኛ ማካፈል ስንማር አካፋዩን በግራ፣ ተካፋዩን በቀኝ ጽፈን ድርሻውን ከላይ ነበር የምናስቀምጠው። እዚህ ተካፋዩ በግራ ነው፣ አካፋዩ በቀኝ፣ ድርሻው ከአካፋዩ ሥር። 3.5ም በነጠላ ሰረዝ 3,5 ተብሎ ይጻፋል። አባት 96ን ለ4 በኛ መንገድ ሲያካፍል ልጅ «ሜትረስ (መምህሯ) እንዲህ አላለችም» ብሎ ያለቅሳል፣ አባትም ይናደዳል፣ ደብተሩ ይዘጋል። በሁለቱም መንገድ 24 ነው! መጀመሪያ እሱ የተማረውን ያሳያችሁ፤ ከዚያ ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ በአማርኛ አስረዱት። አማርኛው ሂሳቡን አይጎዳውም።

በቅርቡ ልጅ ከአገር ቤት ያመጣችሁ፣ የትምህርት ማስረጃውን አስተርጉማችሁ ያዙ። አዲስ መጤ ልጅ በሂሳብም ይመዘናል፤ ፈረንሳይኛ አለመቻሉ ሂሳብ አለመቻል ተደርጎ እንዳይቆጠርበት ጠይቁ። ኮሌጅ (እዚህ ከሊሴ በፊት ያለው መካከለኛ ደረጃ ነው) ውስጥ ያለው ደግሞ «ድቫር ፌ» የሚባል ነፃ የቤት ሥራ እገዛ አለው። ለግል አስጠኚ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ተጠቀሙበት። የመንግሥት ፕሬፓም ክፍያው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጅ ክሩስ ከሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት መሥሪያ ቤት የትምህርት ድጎማ ያገኛል። ይህን ሳያውቁ ለግል ትምህርት ቤት በሺህ የሚቆጠር ዩሮ የሚከፍሉ ወገኖች አሉ፤ ያሳዝነኛል።

ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ፕሬሚየር መጨረሻ ላይ የሂሳብ ባክ (የሊሴ ማጠናቀቂያ) ፈተና አለ። ሂሳብን ያልመረጠውም ይፈተናል። ፈተናው 2 ሰዓት ነው፣ ካልኩሌተር አይገባም፣ የመጀመሪያው ክፍል ቶሎ ቶሎ በጭንቅላት የሚሠራ ምርጫ ነው። ሰጎንድ ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ፣ 7 በ8 ስንት እንደሆነ ዛሬ ማታ እራት ላይ ጠይቁት። ስልኩን ካነሳ ከማባዣው ጀምሩ።