ጅረታችን የደፈረሰው ዛፉ ስለተቆረጠ ነው?

ጥያቄ፦ ከመንደራችን በላይ የነበረው ባህር ዛፍ ዘንድሮ ለአጣና ተሸጦ ተቆረጠ። ክረምት ሲገባ የምንቀዳው ጅረት ጭቃ ሆነ። ባለቤቱ ግን «ክረምት መቼ ጠርቶ ያውቃል?» ይላል። ማን ልክ ነው? እንዴትስ እናውቃለን?
አንባቢያችሁ፣ ከጎጃም

መልስ፦ ባለቤቱ ያሉት ውሸት አይደለም። ወንዞቻችን ክረምት ላይ ይደፈርሳሉ፣ በተለይ ማሳው ታርሶ ቡቃያው አፈሩን ገና ሳይሸፍነው። ስለዚህ «ደፈረሰ» ብቻ ብለው ቢከራከሩ አይረቱም። ማወዳደር ያስፈልጋል።

ሁለት ቦታ ይምረጡ፣ አንዱ ከተቆረጠው ደን በላይ፣ ሌላው ከታች። ጅረቱ የሚመነጨው እዚያው ደኑ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዛፉ ካልተነካ ኮረብታ የሚወርድ የጎረቤት ጅረት ይያዙ። ዝናብ ሲጥል ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት በሃይላንድ ይቅዳ። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በማርከር ይጻፉበትና መስኮት ላይ ያሳድሩት። እኔ አንዴ እንዲህ አድርጌ ጠዋት ስነሳ የታችኛው ሃይላንድ ሥር አንድ ጣት የሚሞላ ቀይ ደለል ተኝቷል፣ የላይኛው ግን እንደ ወረቀት የሳሳ። ያንን አይቶ የተከራከረኝ የለም።

አንድ ቀን ብቻ ግን አይበቃም። ደህና ዝናብ በጣለ ቁጥር ይድገሙት፣ ደለል የሚወርደው በጎርፍ ሰዓት ነውና የበጋ ውሃ ብዙም አይነግርዎትም። እዚያው ጎጃም፣ አንጀኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያም ወንዙ ሲደፈርስ እየጠበቁ በጠርሙስ ይቀዱ ነበር።

ልዩነት ካገኙ በዝናብ ሽቅብ ይውጡና ጭቃው ከየት እንደሚመጣ ይዩ። የባህር ዛፍ ጉቶ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩም አፈሩን ይዞ ይቆያል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ግንድ የተጎተተበት ቦይና አይሱዙ የወጣበት መንገድ ነው። ያ ከሆነ መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ ማፋሰሻ እንዲቆፈርና ቅርንጫፍ እንዲነጠፍበት ይጠይቁ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ጠርቶ የሚወርደው ውሃ ነው። አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሃባርድ ብሩክ የሚባል ቦታ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ 15.6 ሄክታር ተፋሰስ ላይ ያለውን ዛፍ በሙሉ ቆረጡ። አንድ ግንድ አልጎተቱም፣ መንገድም አልሠሩም፣ እንዳያቆጠቁጥ ግን ለሦስት ዓመት መድኃኒት ረጩ። በመጀመሪያው ዓመት የጅረቱ ውሃ 40 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ሰው ቢያየው ደስ ይለዋል። ውሃው ውስጥ የሟሟው ናይትሬት የሚባል የናይትሮጅን ውህድ ግን ለመጠጥ ከተፈቀደው በላይ ወጣ፣ ምክንያቱም ከአፈሩ የሚመጥጠው ሥር አልነበረም። ይህን አፋቸውን ሞልተው የተናገሩት ከቆረጣው በፊትም ይለኩ ስለነበርና ጎን ለጎን ያልተነካ ተፋሰስ ስለነበራቸው ነው።

ናይትሬት ለዓይን አይታይም፣ ውሃ ማፍላትም አያጠፋውም፣ ጨቅላ ሕፃናትን ይጎዳል። ከማሳ የሚታጠብ ዩሪያም ያመጣዋል፣ ስለዚህ ለዚህም ቢሆን የላዩንም የታቹንም ይቅዱና የት እንደሚመረመር የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በአካባቢያችሁ በሚቀጥለው ዓመት ሊቆረጥ የታሰበ ሌላ ደን ካለ ደግሞ ከሥሩ መቅዳቱን ከዘንድሮ ይጀምሩ።