ዮዴልን በተራራ ላይ ለማዜም ከባሕር ዳር ወዴት መሄድ ይሻላል?

የተከበሩ ጠያቂ፣ የአልፕስ ተራሮች እረኞች ድምፃቸውን ከደረት ወደ ራስ በፍጥነት እየቀያየሩ የሚያዜሙትን ዮዴል፣ ከባሕር ዳር ተነሥተው በዕረፍትዎ ቀናት የት ሊለማመዱት እንደሚችሉ ጠይቀዋል። የእኛም ደገኛ እረኛ ከማዶ ለማዶ የሚጠራራ በመሆኑ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል።

ያለ ማመንታት የምመክርዎ የሰሜን ተራሮችን ነው። አስቀድመው የመንገዱን ሁኔታ አጣርተው በጎንደር በኩል ደባርቅ ይድረሱ፤ ከዚያም መንገድ መሪና ጠባቂ ይዘው ወደ ግጭ የድንኳን ሰፈርና እሜት ጎጎ ወደተባለው የገደል አናት ይዝለቁ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 170 ሜትር ርቆ ፊት ለፊትዎ የቆመ ገደል ዜማዎን ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ይመልስልዎታል፤ ስለዚህ ወደ ባዶው ሸለቆ ከማዜም ይልቅ ግድግዳ የመሰለ ቋጥኝ ትይዩ መቆም ይበጃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ትንፋሽ ቶሎ ስለሚያጥር፣ የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ በመራመድ ብቻ ያሳልፉት። ጭላዳዎች በአቅራቢያዎ ሲግጡ ካዩ ግን እባክዎ ዝም ይበሉ፤ ግጦሻቸውን አይረብሹባቸው።

የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ለባሕር ዳርም ይቀርባል።

ጊዜ ካጠረዎ ዓባይን ቁልቁል የሚያሳየው የቤዛዊት ኮረብታ ለማለዳ ልምምድ ይበቃል። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት አካባቢ ግን፣ የውኃው ጸጥታ ቢጋብዝዎትም፣ መነኮሳቱ በጸሎት ላይ ናቸውና ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ።