በጃቫ የፈንክሽን ግራፍ መሳያ ለምትሠሩ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፤ ጠይቁ። ጃቫንና ስዊንግን (የጃቫን የመስኮትና የሥዕል ላይብረሪ) እንደምታውቁ ቆጥሬ ነው የምመልሰው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ የሒሳቡን ቁጥርና የስክሪኑን ፒክሰል አታቀላቅሉ። ሳርማቸው የኖርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሳይን ኤክስን ግራፍ ስስል በፓነሉ (በመሳያው ሰሌዳ) የላይኛው ጠርዝ ላይ የተጋደመ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይታየኛል። ሞገዱ የት ሄደ?

መልስ፦ እዚያው አለ፤ ቁመቱ ግን 1 ፒክሰል ነው። ሳይን ከ1 አይበልጥም፣ ከኔጌቲቭ 1 አያንስም፤ አንተ ደግሞ ያንን ቁጥር እንዳለ ለስክሪኑ ሰጠኸው። የስክሪኑ 0 ያለው ግራ ጫፍ ላይ፣ ከላይ ነው፤ ዋይም ወደ ታች ነው የሚያድገው።

ቪውፖርት የሚባል አንድ ክላስ ሥራ። የሚያውቀው የኤክስንና የዋይን ክልል፣ የፓነሉንም ስፋትና ቁመት ብቻ ይሁን። ከኤክስ ላይ የግራውን ጠርዝ ቀንስ፣ በክልሉ ስፋት አካፍል፣ በፓነሉ ስፋት አባዛ። ክልሉ ከኔጌቲቭ 10 እስከ 10፣ ፓነሉ 800 ፒክሰል ከሆነ 2.5 የሚያርፈው 500ኛው ፒክሰል ላይ ነው። ለዋይም እንዲሁ አድርግና በመጨረሻ ውጤቱን ከፓነሉ ቁመት ላይ ቀንሰው። ይህ ስሌት ከዚህ ክላስ ውጪ የትም እንዳይታይ። መስመር በሚሥለው ኮድ ውስጥ በ800 የሚባዛ ነገር ካየህ አጥፋው።

ጥያቄ፦ የትኛውን አይዲኢ (ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ይመክራሉ?

መልስ፦ የለመድከውን።

ጥያቄ፦ ፈንክሽኑን እንዴት ልወክለው? እኔ አብስትራክት ክላስ ሠርቼ ሳይን፣ ኮሳይን፣ ፖሊኖሚያል እያልኩ ከሱ አስወርሻለሁ።

አንድ አባል፦ ትክክል ነህ፣ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ማለት ይኸው ነው።

ሌላ አባል፦ ኧረ ወንድሜ፣ ጃቫ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) ካመጣ በኋላ ለሳይን ክላስ መጻፍ ምን ይሉታል? ደብል ዩናሪ ኦፐሬተር የሚባለው ኢንተርፌስ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

የመጀመሪያው አባል፦ ላምዳ ስሙን አያውቅም፣ ቀለሙን አያውቅም። ግራፉ ላይ ስሙን ከየት ታመጣለህ?

መልስ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። ስሌቱ ላምዳ ይሁን። ስምና ቀለም ግን የሒሳቡ ጉዳይ አይደለም፤ «ኩርባ» የሚባል ትንሽ ክላስ ላምዳውን፣ ስሙንና ቀለሙን አንድ ላይ ይያዝ። ውርስ ቦታውን የሚያገኘው ተጠቃሚው የጻፈውን ቀመር ስታነብ ነው፦ ቁጥር፣ ተለዋዋጭ፣ ድምር፣ ብዜት እያንዳንዳቸው ክላስ ሆነው «ዋጋህ ስንት ነው?» ሲባሉ ራሳቸው ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ታንጀንት ኤክስን ስስል ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ቋሚ መስመሮች ይመጡብኛል። «ኢንፊኒት ነው ወይ» እያልኩ ብፈትሽም አልጠፉም።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ፍተሻሽ ያልሠራው ኢንፊኒቲ ስለማይመጣ ነው። ታንጀንት ዋጋ የማይኖረው የፓይ ግማሽ ላይ ነው፤ እሱ ግን በደብል (ጃቫ የነጥብ ቁጥር በሚይዝበት ዓይነት) በትክክል አይጻፍም፤ ጃቫን የዚያን ቁጥር ታንጀንት ብትጠይቂው ከ16 ሺህ ትሪሊዮን በላይ የሆነ ቁጥር ይመልስልሻል። ግዙፍ ነው፣ ግን ተራ ቁጥር ነው። ደግሞ ናሙናዎችሽ (ዋጋቸውን ያሰላሽላቸው ነጥቦች) እዚያ ነጥብ ላይ ማረፋቸውም ያጠራጥራል፤ አንዱ ከግራው ሽቅብ፣ ሌላው ከቀኙ ቁልቁል ሆነው ያልፉታል። ሁለቱን ስታገናኚ ታንጀንት ውስጥ የሌለ መስመር ሣልሽ።

ሁለት ነጥቦች በመካከላቸው ስላለው ነገር አይመሰክሩም። መካከላቸውን ጠይቂ። ከሁለቱ መሃል ሦስተኛ ናሙና ውሰጂ፤ ከቀጥታው መስመር ከግማሽ ፒክሰል በላይ ከራቀ ክፍሉን ለሁለት ክፈይና ለየብቻቸው ድገሚው። 8 ወይም 10 ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ዝላዩ አሁንም ከፓነሉ ቁመት የሚበልጥ ከሆነ አታገናኚ፤ መስመሩን እዚያ አቋርጪና ከሚቀጥለው ነጥብ እንደ አዲስ ጀምሪ። ሦስተኛው ናሙና ልክ መሃሉ ላይ እንዳይሆን፤ ትንሽ ፈቀቅ አድርጊው። ሳይን የመሰለ ሲሜትሪ ያለው ነገር መሃሉ ላይ በአጋጣሚ መስመሩ ላይ ያርፍና ያታልልሻል።

አንድ አባል፦ ይሄ ሁሉ ለምን? በአንድ ፒክሰል አንድ ናሙና ይበቃል፤ ዓይን ከፒክሰል በታች አያይም።

መልስ፦ ዓይንህ አያይም፣ ፈንክሽኑ ግን እዚያ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ከላይ ባልኩት ክልል አንድ ፒክሰል 0.025 ነው። ሳይን 80 ፓይ ኤክስን ሣል፤ በእያንዳንዱ ፒክሰል አንድ ሙሉ ዑደት ስለሚጨርስ ሁሉም ናሙና 0 ላይ ያርፋል፣ ቀጥ ያለ መስመር ታያለህ። ሳይን 82 ፓይ ኤክስን ሣል፤ የሳይን 2 ፓይ ኤክስን ግራፍ ያወጣልሃል፣ ልዩነት የለውም። ተማሪ ይህን አይቶ አምኖ ይሄዳል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። በአንድ ዑደት ውስጥ ከ2 በላይ ናሙና ከሌለህ ግራፉን አትመን። እንዲህ ባለው ላይ ከመጀመሪያው ብዙ ናሙና ውሰድ፣ እርቀታቸውንም እኩል አታድርገው።

ጥያቄ፦ የኔ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? ምን ጻፍክ፣ ምን ጠበቅክ፣ ምን መጣ? ሦስቱን ሳትነግረኝ ልረዳህ አልችልም።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚው የጻፈውን ቀመር እንዴት ላንብብ?

መልስ፦ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው የሻንቲንግ ያርድ አልጎሪዝም (ቀመርን በስሌት ቅደም ተከተሉ የሚያነብ ዘዴ) ይበቃሃል። አንድ ጊዜ አንብበህ ከላይ ካልኳቸው የቁጥር፣ የድምርና የብዜት ክላሶች የቀመሩን ዛፍ ሥራና 800 ጊዜ ዋጋውን ጠይቀው። ለእያንዳንዱ ኤክስ ጽሑፉን እንደገና እንዳታነብ። የኔጌቲቭ ምልክትን ቅደም ተከተል ግን ተጠንቀቅ።

አንድ አባል፦ ኔጌቲቭ 3 ስኩዌር 9 አይደል? ኤክሴል 9 ነው የሚለው።

ሌላ አባል፦ ፓይተን ኔጌቲቭ 9 ይላል። ሒሳብም እንደዚያው ነው፣ ኃይሉ ይቀድማል።

የመጀመሪያው አባል፦ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ግን ኤክሴልን ነው።

መልስ፦ የምንሥለው የሒሳብ ግራፍ ነው፤ ኃይሉ ይቅደም። ኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌር ወደ ታች የተደፋ ፓራቦላ ካልሆነ መሣሪያችሁ ተሳስቷል። ክርክሩን ሌላ ቦታ ቀጥሉት።

ጥያቄ፦ መስኮቱን ስጎትተው ይንቀረፈፋል።

መልስ፦ ፔይንት ኮምፖነንት (ፓነሉን የሚሥለው ሜተድ) ውስጥ እያሰላህ ነው። ስዊንግ ያንን ሜተድ በፈለገው ሰዓት ይጠራዋል። ናሙናዎቹን አስልተህ አስቀምጥ፤ ክልሉ፣ የፓነሉ መጠን ወይም ቀመሩ ሲቀየር ብቻ እንደገና አስላ።

ጥያቄ፦ አክሲሱ ላይ 0.30000000000000004 የሚል ቁጥር ይመጣብኛል።

መልስ፦ 0.1ን እየደመርክ ነው የምትሄደው። 0.1 በባይነሪ በትክክል አይጻፍም፤ 10 ጊዜ ስትደምረው እንኳን 1 አይሞላም። መነሻውን ያዝና ተራ ቁጥሩን በእርምጃው እያባዛህ ደምርበት፤ ስትጽፈው ደግሞ አጠጋጋው። እርምጃውም 1፣ 2 ወይም 5 በ10 ኃይል የተባዛ ይሁን፤ ሰው 3.7፣ 7.4 እያለ አክሲስ አያነብም።

ጥያቄ፦ የ1/ኤክስ ግራፍ ላይ ቋሚ መስመር መጣብኝ፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ስለ ታንጀንት የመለስኩትን ከላይ አንብብ። ያው ነው። በጃቫ በደብል 1 ለ0 ሲካፈል ስህተት አይወረውርም፣ ኢንፊኒቲ ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ ትራይ ካች (ስህተት መያዣው) አይረዳህም። የኔጌቲቭ ስኩዌር ሩትም እንዲሁ ናን («ቁጥር አይደለም» የሚለውን ዋጋ) ይመልሳል። ናሙናው ውስን ቁጥር ካልሆነ መስመሩን አቋርጥ።

ጥያቄ፦ ክብ መሣል ፈልጌ ነበር፣ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ዋይ ስኩዌር እኩል ይሆናል 1።

መልስ፦ ለአንድ ኤክስ ሁለት ዋይ ስላለው ፈንክሽን አይደለም። በሳይንና በኮሳይን ፓራሜትሪክ አድርገህ፣ ኤክስንም ዋይንም ከአንድ አንግል እያሰላህ ሣለው።

ጥያቄ፦ በማውስ ዙም ሳደርግ የምመለከተው ቦታ ይሸሸኛል።

መልስ፦ አሁንም ፒክሰልና ሒሳብ ተቀላቅሎብሃል። ማውሱ ያለበትን ፒክሰል ቪውፖርቱ ወደ ኤክስና ዋይ ይመልስልህ። ከዚያ አራቱም የክልሉ ጠርዞች ከዚያ ነጥብ ያላቸውን ርቀት በዙሙ መጠን አባዛ። ነጥቡ ከማውሱ ሥር ንቅንቅ አይልም።